በክረምት የማይደርቅ ጅማት

የበሬ የጀርባ ጅማት ከሥጋው ሲላቀቅ እርጥብ ነው፣ ነጭ ነው፣ ከእጅ ያዳልጣል። ጥላ ሥር ተሰቅሎ ሲደርቅ ግን ቢጫ ይሆንና እንደ ቀንድ ይጠነክራል። ያን ደረቅ ቁራጭ ድንጋይ ላይ አድርገው በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ሲቀጠቅጡት ይላላና ውስጡ ያለው ክር ይፈታል። ክሩን በጣት እየተረተሩ ከጸጉር የቀጠነ ማድረግ ይቻላል። እኔ ይህን ሥራ የተማርኩት በሃያ ዓመቴ ነው። ያስተማሩኝ አማቴ፣ የባሌ አባት ናቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ክረምት የፈራሁበት ጊዜ የለም፤ የፈራሁትም በዚሁ ጅማት ምክንያት ነው።

ቤታችን ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ባሌ በተጋባን በስምንተኛው ወር ወደ ሰሜን ዘመተ። የተመለሱት ተመለሱ፤ እሱ አልተመለሰም። ሞቷል የሚለን ሰው አላገኘንም፤ አለ የሚለንም አላገኘንም። አንዳንዱ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቷል ይል ነበር። ያንን ወሬ አማቴም እኔም ሰምተን እንዳልሰማን ሆንን፤ እርስ በርሳችን እንኳ አንሥተነው አናውቅም። ሰው ስለ እሱ ሲጠይቀኝ «ዘመቻ ሄዶ ቀረ» ብዬ ወደ ሥራዬ እዞር ነበር።

አማቴ ደጋን ሠሪ ነበሩ። ጥጥ የሚነደፍበትን፣ የጎበጠ እንጨት ከጫፍ እስከ ጫፍ ጅማት የተወጠረበትን ደጋን ማለቴ ነው። ፈታይ ሴቶችም ፍራሽ ሠሪዎችም ደንበኞቻቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ግን አንድ አርመናዊ ኮርቻ ሠሪ ዘንድ ተቀጥረው ሠርተው ነበርና ከእሱ አንድ ሌላ ነገር ተምረዋል። እንጨት ሲጎብጥ የሚሰበረው ከጀርባው ነው። የተፈታ ጅማት በቆዳ ሙጫ ነክሮ ጀርባው ላይ መለጠፍ ከተቻለ፣ ሲደርቅ እንጨቱን እንደ ሁለተኛ ቆዳ ጨምቆ ይይዘዋል፤ የቱንም ያህል ቢጎብጥ አይሰበርም። አርመናዊው ይህን ከአያቱ የወረሰው ለጦር ቀስት ነበር። አማቴ ግን ለፍራሽ ሠሪዎች ትልልቅ ደጋን ተጠቀሙበት፤ የእሳቸው ደጋን ዓመት ሙሉ ቢመታ አይሰነጠቅም ነበር። ጣጣው የመጣብን ከዚሁ ነው።

ጣልያን ከተማውን ከያዘ አንድ ዓመት ሆኖታል። የየካቲቱ እልቂት ካለፈ ደግሞ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ከእኛ ቤት በሁለት አጥር የሚርቀው ቤት ተቃጥሎ ግድግዳው ብቻ ቆሟል። በጓዳው ጎራዴ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚሆን ማንም እንዲነግረን አያስፈልገንም ነበር። አማቴ ከዚያ በኋላ ከመሣሪያዎቻቸው መካከል ስለት ያለውን ሁሉ ከአንድ ቢላዋ በስተቀር ጓሮ ቀብረውታል።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት መኪና መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ያኔ በእኛ ሰፈር መኪና ከቆመ ሰው ይወሰድ ነበርና፣ እኔ የያዝኩትን እንስራ የት እንዳስቀመጥኩት ዛሬም አላስታውስም። ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው መነጽር ያደረገ ቀጭን ካፒቴን ነው። ሌላው አስተርጓሚው፣ የእኛው ሰው፣ ጥሩ ካፖርት የለበሰ፣ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ የሚራመድ።

«የጅማቱ ሰውዬ እርስዎ ነዎት?» አለ አስተርጓሚው።

«ደጋን ሠሪ ነኝ» አሉ አማቴ።

«ካፒቴኑ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ፍራሽ የሚነድፈው ሰው እጅ ላይ ደጋን አየ። ጀርባው ጅማት የለበሰ። የማን ሥራ ነው ሲል እርስዎን ጠቆሙት።»

ካፒቴኑ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ለአማቴ ሰጣቸው። በእርሳስ የተሣለ ቀስት ነበር፤ ደጋን ሳይሆን ፍላጻ የሚወረወርበት ቀስት። አገሩ ሳለ ቀስት መወርወር ይወድ እንደነበረ፣ እዚህም እንደዚህ ያለ አንድ ሠርተው እንዲሰጡት እንደሚፈልግ አስተርጓሚው ነገረን።

አማቴ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ቀስት መሣሪያ ነው» አሉ። «መሣሪያ ክልክል ነው።»

አስተርጓሚው ሳቀ፤ ለካፒቴኑ አልተረጎመለትም። «ከልካዩ ራሱ እኮ ነው ያዘዘዎት፣ አባት።»

«እሺ፣ ክረምቱ ይለፍ። ጅማት በክረምት አይደርቅም። ሙጫውም አይዝም።»

ይህንን ተረጎመለት። ካፒቴኑ ራሱን ነቅንቆ አንድ ነገር ተናገረ።

«ለመስከረም ይፈልገዋል» አለ አስተርጓሚው። «እርስዎ ሥራውን ያውቃሉ ብሏል። የሚያውቅ ሰው በክረምትም ይሠራል ብሏል።»

እኔ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ነበርኩ። መናገር አልነበረብኝም፤ አፌ ግን አላስቻለኝም። «ታዲያ ወረቀት ይስጡን» አልኩ። «ያዘዘን እሱ መሆኑን የሚናገር ወረቀት።»

አስተርጓሚው ወደ መጋረጃው ዞረ። «የካፒቴኑ ቃል አይበቃሽም?» አለና ዓይኑን ሳይነቅል ቆየ። ይህንንም አልተረጎመለትም። ወጥተው ሄዱ።

አማቴ በማግስቱ ወደ ቆጡ ወጥተው ሦስት ዓመት ያደረቁትን የጽድ እንጨት አወረዱ። «ካልሠራሁለት እንዴት አልሠራም አልክ ይለኛል። ከሠራሁለት ሌላው መጥቶ ለምን ሠራህ ይለኛል» አሉ። «ሁለቱም ያው ነው። ስለዚህ ልሥራው።»

ሥራችንን ተከፋፈልን። እንጨቱን እሳቸው ይጠርባሉ፤ ጅማቱ የእኔ ሆነ። ሰኔን ሙሉ ወደ ሰንጋ ተራ እየወረድኩ ከከብት አራጆች ጅማት ለቀምኩ። የስምንት በሬ የጀርባ ጅማት ያስፈልጋል ብለውኛል፤ የቋንጃው አጭር ስለሆነ ለጫፍ ማሰሪያ ካልሆነ አይረባም። ቤት አምጥቼ ሥጋውን በቢላዋው ጀርባ እፍቃለሁ። ቢላዋው በስለቱ ከነካው ክሩን ይቆርጠዋል። ከዚያ ምድጃው አጠገብ፣ እሳቱ በማይነካው ቦታ እሰቅለዋለሁ። በበጋ ሦስት ቀን የሚበቃው በክረምት አንድ ሳምንት ፈጀ። የሚሸተው ሽታ ከልብሴ አልወጣ አለ።

የሚያስጨንቀኝ ግን ድምፁ ነበር። የመዶሻው ቋ ቋ ማለት አጥር አልፎ ይሰማል። የደጋን ጅማት ለመሥራት ይህን ያህል መቀጥቀጥ እንደማያስፈልግ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ማን ለማን ምን እንደሚያወራ በማይታወቅበት ዘመን፣ «እነዚያ ቤት ውስጥ ምን እየቀጠቀጡ ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ትበቃ ነበር። ስለዚህ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጠብቄ እቀጠቅጣለሁ፤ ዝናቡ ሲያባራ አቆማለሁ። ክረምቱን ሌላው ሰው ፀሐይ ሲናፍቅ እኔ ዝናብ እናፍቅ ነበር። አማቴ ደግሞ ሙጫቸው እንዲይዝላቸው ፀሐይ ይለምናሉ። አንድ ቤት ውስጥ ሆነን የተለያየ ጸሎት እንጸልይ ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ስድስት እስር ክር አዘጋጅቼ፣ በርዝመቱ ለይቼ፣ በቅርጫት አድርጌ ከግድግዳው ላይ ሰቅዬ ነበር። አንድ ጠዋት ሳወርደው ቅርጫቱ ቀለለኝ። አይጥ ገብታበታለች። ከስድስቱ የቀረው ሁለት ነው፤ ሌላው ተበልቶ ብናኝ ሆኗል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አማቴ መጥተው ቅርጫቱን አዩትና «አይጧ ከካፒቴኑ የተሻለ ታውቃለች፤ ጥሩውን መርጣ ነው የበላችው» አሉ። በዚያ ክረምት ሲቀልዱ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቀልዱ ግን ጅማት አልተካልንም። ፍልሰታ ገብቷል፤ ክርስቲያኑ ሥጋ አይበላም፣ ከብት የሚያርድ አራጅም የለም። የቀረን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከአጥራችን ማዶ የሚኖር ወሎዬ ሙስሊም ከብት አራጅ። ከሚስቱ ጋር ሰላምታም እሳትም እንለዋወጣለን፤ ከእነሱ እርድ ግን የምንወስደው ነገር ኖሮ አያውቅም። በጾም የሙስሊም ሥጋ ተሸክማ ስትገባ አየናት እንዳልባል ፈርቼ በአጥሩ ክፍተት በኩል ሄድኩ።

«እህቴ፣ ጅማት ለምንሽ ነው?» አለኝ ሰውየው።

«ለደጋን።»

«የስንት በሬ?»

«የአራት፣ ቢቻል የአምስት።»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆየ። የደጋን ጅማት የአንድ በሬ እንኳ እንደሚበዛበት ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። «ለአባታችን ሰላም በይልኝ» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ወዲያ በየሁለት ቀኑ ሚስቱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ጅማት በአጥሩ በኩል ታቀብለኛለች። ምን ልትሠሩበት ነው አላለችም። አለመጠየቋ አንዳንዴ ያጽናናኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ያውቁታል ማለት ነው ብዬ እንቅልፍ ያሳጣኛል።

አማቴ የጅማቱን ጫፍ ሲያስሩ በምራቃቸው ማራስ ልማዳቸው ነበር፤ ምራቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። በፍልሰታ ግን ጅማት አፋቸው ውስጥ አልገባም አሉ። «ካፒቴኑ እጄን ይዟል፤ ጾሜን አይዘውም።» ለብ ያለ ውኃ በጣሳ አቀረብኩላቸው።

በነሐሴ አጋማሽ ሁለት ቀን ፀሐይ ወጣ። ሙጫውን አፈላነው። እኔ ክሩን እነክራለሁ፣ በሁለት ጣት ጨምቄ አቀብላለሁ፤ እሳቸው ከእንጨቱ ጀርባ ላይ ከመሐል ወደ ጫፍ ያስተኙታል፣ በማበጠሪያ ያለሰልሱታል። እንጨቱ ትንፋሽ ያለው እስኪመስለኝ ድረስ ከእጃቸው ሥር ቅርጹ እየወጣ መጣ። ሲጨርሱ ላባቸውን ጠርገው «አሁን አንድ ወር ማንም እንዳይነካው» አሉ።

ችግራችን የጀመረው ያኔ ነው። ቀስቱ እንዲደርቅ አየርና ሙቀት ይፈልጋል። ሣጥን ውስጥ ቢገባ፣ ጭድ ውስጥ ቢቀበር ይሻግታል፤ ጅማቱም እንደ ቅርፊት ይነሣል። ደጅ ደግሞ አይወጣም። መሰቀል ያለበት ከምድጃው በላይ፣ በር ሲከፈት ፊት ለፊት በሚታየው ቦታ ነበር። ነጠላ አጥቤ እርጥቡን ከፊቱ ሰቀልኩ። ነጠላው ሲደርቅ መልሼ እነክረዋለሁ። ሰው በመጣ ቁጥር ዓይኔ ወደዚያ እንዳይሄድ እታገላለሁ፤ ዓይኔ ግን ይሄድብኛል።

አንድ ቀን ያ የጦር ሰፈሩ ፍራሽ ነዳፊ ለደጋኑ ጅማት ሊያስቀይር መጣ። ጉዳያችንን አያውቅም። ወሬ ብሎ ግን አንድ ነገር ነገረን። ካፒቴኑ ከጦሩ ጋር ወደ ገጠር ዘምቷል። አስተርጓሚውን ደግሞ ለአርበኞች ወሬ ያቀብላል ብለው አስረውታል።

ሰውየው ሲወጣ በሩን ዘጋሁ። «አባባ፣ እናቃጥለው» አልኩ።

«ካፒቴኑ ቢመለስስ?»

«ባይመለስስ? ያዘዘን እሱ መሆኑን ከዚህ በኋላ ማን ይመሰክርልናል? አንዱ የለም፣ አንዱ ታስሯል።»

«ቢመለስስ?» አሉ እንደገና፣ ቀስ ብለው። ቀስቱ እዚያው ተሰቅሎ ቆየ።

ጳጉሜን በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይ ከወጣች ብዙም ሳይቆይ፣ የከብት አራጁ ሚስት በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። «እየፈተሹ ነው! ከታች ጀምረው ቤት ለቤት እየመጡ ነው!» አለችና ተመልሳ ሮጠች።

ወደ ምድጃው ሮጥኩ። እሳት ውስጥ ልከተው ቀስቱን አወረድኩት። አማቴ ክንዴን ያዙኝ። «ጅማት ሲቃጠል ሽታው እስከ ሰንጋ ተራ ይሄዳል። ሳያልቅም ይደርሳሉ።» ቀስቱን ከእጄ ወሰዱ። ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ከግድግዳው ላይ የደጋን ጅማት አወረዱና የቀስቱን አንድ ጫፍ መሬት ላይ ተክለው፣ በጉልበታቸው ተጭነው ማጉበጥ ጀመሩ። ገና ሁለት ሳምንት ተኩል ነው የደረቀው። አሁን ከጎበጠ ልፋታችን ሁሉ ገደል እንደሚገባ እኔም እሳቸውም እናውቃለን። ከጀርባው ትንሽ፣ የተቀደደ ጨርቅ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። አማቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አላቆሙም። ጅማቱን ወጥረው አሰሩት።

«ጥጥ አምጪ። ቁጭ በይ።»

የጥጡን ቅርጫት አፈሰስኩና ቁርበት ላይ ተቀመጥኩ። ቀስቱ ከደጋን የሚረዝመው በአንድ ክንድ ያህል ነበር። ጅማቱን በጥጡ ላይ አድርጌ ሳብ አድርጌ ስለቀው ከደጋን ይልቅ ወፍራም ድምፅ ሰጠ። ሦስት ጊዜ ያህል እንደነደፍኩ በሩ ተበረገደ።

አንድ ነጭ መኮንንና ሦስት ወታደሮች ነበሩ። ከሦስቱ አንደኛው ጥቁር ነው፤ አማርኛ ይናገራል። ቆጡን ፈተሹ፣ የእህሉን ጎታ በዱላ ወጉት፣ አልጋውን ገለበጡት። መኮንኑ ከእኔ ፊት ቆመ። ጣቱን ወደ እጄ ቀሰረ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለኝ ጥቁሩ ወታደር።

«ደጋን ነው።»

«ለምን ረዘመ?»

«የፍራሽ ጥጥ ስለሆነ» አልኩ።

«እስቲ ንደፊ።»

ነደፍኩ። ጥጡ እየተበተነ የመኮንኑ ቦት ጫማ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ከእጄ በላይ፣ ከእንጨቱ ጀርባ ላይ አንድ ጣት የሚያህል ጅማት ተነሥቶ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በመዳፌ ሸፈንኩት። ወታደሩ ግን አይቷል። ጎንበስ ብሎ እጄን ገለጥ አደረገና ጀርባውን በጣቱ ዳሰሰው። ገና እርጥብ ነበረ፤ ሙጫው ጣቱ ላይ ተጣበቀ። አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ። ከየት አገር እንደመጣ አላውቅም፤ ግን ደጋንና ቀስት የማይለይ ሰው ዓይን አልነበረም።

ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና ለመኮንኑ በጣልያንኛ ነገረው። ከተናገረው አንድ ቃል ብቻ ያዝኩ፤ «ኮቶኔ» አለ። ትርጉሙ ጥጥ ማለት መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። መኮንኑ ጫማውን አራገፈና ወጣ። ያ ወታደር ያዳነን አዝኖልን ይሁን፣ ሥራ ሰልችቶት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ደስ ለማለት ግን ጊዜ አልሰጡንም። በር ላይ እንደደረሱ ተመልሰው አማቴን ያዟቸው። የሰፈሩን ወንድ ሁሉ እየሰበሰቡ ኖሯል። ቀስቱን አላነሡም፤ ሰውየውን ግን ወሰዱ። የወታደሮቹ እግር ሥር ልወድቅ ስል አማቴ በሁለት ወታደሮች መሐል እንደተያዙ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ደጋኑን አላልተሽ አስቀምጪው፤ እንደተወጠረ አይደር» አሉኝ። የመጨረሻ ቃላቸው ቢሆንስ እያልኩ ጅማቱን ፈታሁት።

ሁለት ቀን ሙሉ ሜዳ ላይ በዝናብ አስቀመጧቸው። እኛ ሴቶቹ ምግብ ይዘን ብንሄድ ከሩቅ መለሱን። የከብት አራጁም ከእነሱ ጋር ነበር። ቤት ስመለስ ቀስቱ ጅማቱ ተፈትቶ ከቁርበቱ ላይ ይጠብቀኛል። ላቃጥለው ሦስት ጊዜ አነሣሁት፤ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት። እሳቸው ተመልሰው ባያገኙት ምን እላለሁ? ወይም እነዚያ ተመልሰው ቢያገኙት? ሌሊት ውሻ በጮኸ ቁጥር እነሣለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ለቀቋቸው። ከብት አራጁ ደግፎ አመጣቸው። እግራቸው አብጦ ጫማቸው አልገባም ብሎ በእጃቸው ይዘውታል። ውኃ እስካቀርብ ድረስ እንኳ አልታገሡም፤ ቀስቱን አንሥተው ወደ ብርሃን ዞሩ። ከጅማቱ ሲሶው ተላቆ ነበር። አውራ ጣታቸውን በላዩ አሳለፉ። ከዚያ ሙቅ ውኃ አስመጥተው፣ የለጠፍነውን ሁሉ፣ የሦስት ወር ሥራችንን፣ እያራሱ ከእንጨቱ ላይ አነሡት። ለውሻ ወረወርኩት።

«አሁን እንጨት ብቻ ነው» አሉ። «እንጨት ማንንም አያስገድልም።»

መስቀል አለፈ። ካፒቴኑ በጥቅምት መጣ። ከስቶ፣ ፊቱ በፀሐይ ተልጦ ነበር። ከእሱ ጋር አንድ ሽማግሌ አስተርጓሚ አለ። «ቀስቴስ?» ብሎ አስጠየቀ። አማቴ ባዶውን እንጨት አቀረቡለት። ካፒቴኑ አገላብጦ አየውና ፊቱ ተለወጠ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

ያን ጊዜ ከመጋረጃው ወጣሁ። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩና ለሽማግሌው አስተርጓሚ ሁሉን ነገርኩት። ዝናብ እየጠበቅሁ መቀጥቀጤን፣ አይጧን፣ ፍተሻውን፣ ሙጫው ሳይደርቅ መወጠራችንን፣ አማቴ ሁለት ቀን ሜዳ ላይ ማደራቸውን። ሳልጨርስ እንዳያቋርጠኝ ፈርቼ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገርኩት። ሽማግሌው ግን አላቋረጠኝም። አንድም ሳያስቀር በዝግታ ተረጎመው።

ካፒቴኑ የአማቴን እግር አየ። እብጠቱ ገና አልወረደም። ከዚያ ጥያቄ ጠየቀ።

«መጀመሪያውኑ ለምን ወረቀት አልጠየቃችሁም ይላል» አለ ሽማግሌው።

«ጠይቄ ነበር» አልኩ።

ሽማግሌው ትንሽ አመነታ። ከዚያ ይህንንም ተረጎመ። ካፒቴኑ ወደ እኔ አላየም፤ ከኪሱ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። በማግስቱ ቀስቱን እንደገና እንድንሠራ ያዘዘን እሱ መሆኑን የሚናገር፣ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ሽማግሌው ራሱ አምጥቶ ሰጠኝ። ማንበብ አልችልም። አማቴም አይችሉም። ከጡቴ ሥር አድርጌ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይዤው እተኛ ነበር።

ሁለተኛውን ቀስት የሠራነው በኅዳር ነው። ፀሐዩ ደረቅ፣ ሙጫው ታዛዥ ነበር። ጅማቱን ግቢ ወጥቼ በጠራራ ፀሐይ እቀጠቅጠዋለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። አሁን ደግሞ የሰው ዓይን ሌላ ሆነ። የካፒቴኑ መኪና ሁለት ሦስቴ በራችን ላይ መቆሟን ሰፈሩ አይቷል። ውኃ ስቀዳ ወሬ ይቋረጣል። «የጣልያን ወዳጆች» መባላችንን የነገረችኝ የከብት አራጁ ሚስት ናት፤ እሷ ብቻ እንደ ቀድሞው በአጥሩ በኩል ትጠራኝ ነበር። ከጣልያን የሚያድነኝ ወረቀት ከጎረቤቴ አያድነኝም። ባሌ በሕይወት ካለና ይህ ወሬ ከደረሰውስ? ይህ ጥያቄ ከፍተሻው የባሰ ያስፈራኝ ጀመር።

ቀስቱ በጥር አለቀ። ካፒቴኑ መጥቶ ከሰፈራችን በታች ባለው ሜዳ ላይ ሞከረው። ፍላጻው ሜዳውን አቋርጦ ከቁልቋሉ አጥር ውስጥ ገባ። ካፒቴኑ ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቀስቱን ለአማቴ ዘረጋላቸው፤ አንድ ጊዜ ይሞክሩ ማለቱ ነው።

«እጄ ይንቀጠቀጣል በሉልኝ» አሉ አማቴ ለሽማግሌው። እጃቸው አይንቀጠቀጥም ነበር። ሜዳው ዳር ግን የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያያል።

ካፒቴኑ ቀስቱን ይዞ ሄደ፤ ዳግመኛ አላየነውም። አማቴም ከዚያ ወዲያ እንጨት ላይ ጅማት ለጥፈው አያውቁም። ፍራሽ ሠሪዎች መጥተው ሲለምኗቸው «ረሳሁት» ይሏቸዋል።

ባሌ የመጣው ጣልያን በወጣበት ዓመት ነው። ጸጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል፣ አንድ ጆሮው አይሰማም። አባቱ የት ነበርክ አላሉትም፤ አቅፈውት ብቻ ቆዩ። እኔ ግን ከሌላ ሰው ሳይሰማ ልንገረው ብዬ በሦስተኛው ቀን፣ አጥር ሲያጥር ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ለጣልያን ካፒቴን ቀስት መሥራታችንን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። በደህናው ጆሮው በኩል ነበርኩ። ሁሉንም ሰማ። እንጨቱን መትከል ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ጥሩ ቀስት ነበር?» አለኝ።

«በጣም» አልኩት።

ሳላስበው ነው የወጣኝ። እሱም ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፤ አጥሩን ያጥር ጀመር፤ እኔም እንጨት አቀብለው ጀመር።